የሙሽራ አስተማሪ አይገባም

ካሱባ ከተዳረች ወር ሳይሞላት ንሺማውን፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ ደግማ አሳረረችው። ባሏ ሎምቤ ከድስቱ ሥር የከሰለውን በማንኪያ ኳ ኳ እያደረገ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ ለቤት መሠረት ይሆናል" አላት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ይንከተከት ጀመር። ምሳቸው ዳቦ በካፔንታ ሆነ፤ ዓሣው ቢያንስ አላረረም።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ጥያቄው ቀረ። ማንን ትጠይቅ? እናቷን ብትጠይቅ ወሬው ከንዶላ ተነስቶ ኪትዌ እስኪደርስ አውቶቡስ አይጠብቅም። አማቷን መጠየቅማ አይታሰብም። አስተማሪዋ ባና ቺሉፍያስ? ባና ቺሉፍያ ከሠርጉ በፊት በር ዘግተው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ስለ ድስቱም ስለ ባሉም ስለ አማቱም ሲያስተምሯት የከረሙ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በሰፈሩ በሳቸው እጅ ያላለፈች ሙሽራ የለችም። "አሳረርኩት" ብትላቸው በድንጋጤ የሚታመሙ መሰላት።

እናም አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን እየተሠራች የዋትሳፕ ግሩፕ ከፈተች። "ትኩስ ሙሽሮች" አለችው። ከላይ ሕጉን ጻፈች፤ "ከተጋባ ዓመት ያልሞላው ብቻ ይገባል። እናት፣ አማት፣ አክስት፣ የሙሽራ አስተማሪ በር ላይ ይመለሳሉ። የሚገባ ሰው የሠርጉን ፎቶ ያሳያል። እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል።"

ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ አንገቷን አስግጋ አነበበችና ማበጠሪያውን ጣለች። "እኔንም! እኔንም አስገቢኝ! እኔም እኮ ሙሽራ ነኝ!"

ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዱ ሌላውን እየጎተተ በሳምንት ውስጥ ግሩፑ ጢም አለ። አንዷ "ባሌ ሲያስነጥስ የጎረቤት ዶሮ ይበረግጋል" ብላ ጻፈች። ሌላዋ "አማቴ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ትናንት ሎሚ ይዘውልን ሲመጡ እኛ ሳሎን ውስጥ በአንድ የቺቴንጌ ጨርቅ ተጠቅልለን እንደንሳለን" አለች። ብዋልያ የሚባል ሙሽራ ደግሞ "ሎሚውስ ጣፈጠ?" ብሎ ጠየቃት። ካሱባ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት አጎንብሳ ስትስቅ አንድ ደንበኛ፣ "ምነው እህቴ፣ በሽታዬ ያስቃል?" አላት።

አንድ ቀን "የባቡር ሙሽራ" የምትባል ሴት ልግባ አለች። የላከችው ፎቶ የሁለት እጆች ብቻ ነው። የሷ በነጭ ጓንት ተሸፍኗል፤ የሱ አበባ ሥር ግማሹ ተደብቋል። የሱ ጣት ላይ ቀለበት እስከታየ ድረስ ብላ ካሱባ አስገባቻት።

"ባሌ ሬዲዮ ካልተከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም" ስትል ጻፈች የባቡር ሙሽራ። "እኔ ደግሞ ብቻዬን በጸጥታ መተኛት ለምጃለሁ። እወደዋለሁ፤ ሬዲዮውን ግን በመስኮት ልወረውረው ነው። ምን ይሻለኛል?"

"እንዳትወረውሪው እናቴ!" ብላ መለሰች ካሱባ። "የጆሮ ማዳመጫ ግዢለት። አንዱን ለሱ ጆሮ፣ አንዱን ላንቺ። ሲሰለችሽ የራስሽን ነቅለሽ እቅፉ ውስጥ ግቢ።"

በማግስቱ የካሱባ ስልክ በባቡር ሙሽራ የአበባ ምስሎች ተጥለቀለቀ። "ሠራ! አንቺ ልጅ፣ ተባረኪ!"

ካሱባ ልቧ አበጠ። በዚያው ሞቅታ፣ "የኔ አስተማሪ ይሄን መች ያውቁታል! የሳቸው መድኃኒት 'ባል ሲናገር ዝም በይ' ነው። እኔ ዝም ብልማ ሎምቤ ታመመች ብሎ ሐኪም ቤት ይወስደኛል" ብላ ጨመረች።

ሳይቆይ በአካል እንተያይ ተባለ። እሑድ ከሰዓት ከከተማው ግድብ አጠገብ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሙዚቃው ተከፈተ፣ ከሰሉ ተያያዘ፣ ብዋልያ ሚስቱን አቅፎ ይሽከረከራል። በዚህ መሃል ካሱባ ቀና ስትል ባና ቺሉፍያ ሽክ ብለው በመንገዱ ይመጣሉ።

"አለቀልኝ! ማን ነው የነገራቸው?" አለች ሎምቤን ጨምድዳ። መሸሺያ ስላልነበራት እንደ አገሩ የሰላምታ ልማድ ተንበርክካ እጇን አጨበጨበች። "እንዴት ዋሉ፣ እናቴ? እኛ... የጸሎት ፕሮግራም ነበረን።"

"አሜን!" አለ ብዋልያ፣ እጁን ከሚስቱ ወገብ ሳያነሳ።

"በዚህ ሙዚቃ?" አሉ ባና ቺሉፍያ።

ከኋላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። ሸሚዛቸው ከባና ቺሉፍያ ቀሚስ ጋር ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ከኪሳቸው የወጣ ቀጭን ገመድ አንድ ጆሯቸው ውስጥ ገብቷል። ካሱባ ገመዱን አየች፤ የሴትየዋን ቀለበት አየች፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

"የባቡር... ሙሽራ?"

"ታዲያ ምን ያንበረክክሻል? ተነሺ!" አሉ እየሳቁ። "ንኮሌ ይባላል። ባቡር ነጂ ነበር። ለሰፈር ሳናወራ ከተፈራረምን አራት ወራችን ነው።"

"ከሳምንት ጋር" አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው።

"ለምን ደበቁን?"

ባና ቺሉፍያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዕድሜ ልኬን ባል አያያዝ ሳስተምር ኖሬ፣ 'የኔው ባል አስቸገረኝ' ብዬ ማንን ልጠይቅ? ሙሽሮቼ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።"

ካሱባ ጠጋ አለቻቸው። እሳቸውም እንደ እሷ! "እኔ እኮ ግሩፑን የከፈትኩት ንሺማ አሳርሬ ነው" አለች።

"አሳረርሽ? እኔ ያስተማርኩሽ?" ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ሳቁ አሸነፋቸው፤ ንኮሌ ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "'ዝም በይ' ያልሽውንም አንብቤዋለሁ።"

"መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!"

"አትዋጥሽም። ንኮሌ ላይ ሞከርኩት፤ ዝም ስለው ተመችቶት፣ ሬዲዮውን እንደከፈተ እንቅልፉን ለጠጠ!"

ብዋልያ ጮክ ብሎ፣ "ሕጉ አስተማሪ አይገባም ይላል!" አለ።

"ሙሽራ ይገባል አይልም እንዴ?" አሉ ንኮሌ። ሁሉም በአንድ አፍ "ይገባል!" ብሎ ጮኸ። ባና ቺሉፍያም ጫማቸውን አውልቀው፣ ቺቴንጌያቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው መሃል ገቡ። ወጣቶቹ ሙሽሮች ሊከተሏቸው ሞክረው ወገባቸውን ይዘው ቀሩ።

ካሱባ ሰኞ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ባና ቺሉፍያ ነበሩ።

"አዲስ ሙሽራ አለችኝ። ከሥራ ስትወጪ ነይና አብረን እናስተምራት።"

"እኔ? ምን አውቄ?"

"ያሳረርሽውን ንገሪያት። እኔ ደግሞ ከበሮውን እመታለሁ።"

የሥራ ሰዓቷ እንዳበቃ ካሱባ ነጩን ጋወኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ወጣች።