ስሟን ትልቅ አድርገህ ጻፈው

«ትልቅ አድርገህ ጻፈው! ከዚህም ትልቅ!» ብሎ አንባረቀ ኬንግ ሆክ። «ዓይነ ስውር እንኳ እንዲያነበው!»

የወረቀት ዕቃ ሠሪው ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየውና ወደ እትዬ ጉዋት ዞረ። ሽማግሌው የሟች አባት ነው፤ ቢጮህ አይፈረድበትም። ሥራውን ያዘዘችው ግን ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ጉዋት በዓይኗ ቀጥል አለችው። ሰውዬው የወረቀቱን ቪላ፣ የወረቀቱን መኪናና የወረቀቱን ቴሌቪዥን ከነሪሞቱ እያገላበጠ በእያንዳንዱ ላይ የሟቿን ስም ለጠፈበት፦ ኩ ፓይክ ሱዋን፣ የአየር ኢታም ሰፈር ነዋሪ። ማታ ሲቃጠሉ ወዲያኛው ዓለም ይደርሷታል። ስም የሌለውን ዕቃ ግን ዘመድ የረሳቸው ሙታን መንገድ ላይ ጠብቀው ይቀሙታል።

«አሁን ተቀመጥ» አለችው እትዬ ጉዋት። «አባት በልጁ ለቅሶ እንዲህ አይንጎራደድም። ደንብ አይደለም።»

ደንቡ ብዙ ነው። ወላጅ ለልጁ ዕጣን አይዝም፣ አይሰግድም፣ የሀዘን ልብስ አይለብስም። ኬንግ ሆክ ከድንኳኑ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶት፣ በገዛ ልጁ ለቅሶ ላይ እንደ እንግዳ ተጎልቶ ሰነበተ። የወንድሙ ልጆች በእሱ ፋንታ ሲሰግዱ እያየ እርር ድብን ይላል።

«ሌባ የምትፈሪው ከሙታን መንደር ነው እንዴ እትዬ?» አላት። «ሌባውማ ያውልሽ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ነው።»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል!»

«ይስማ!»

ሰማ። ሚስተር ዮ እጁ ላይ የነበረውን ኦቾሎኒ ሳህን ላይ መልሶ አንገቱን ደፋ። ባያን ሌፓስ በሚባለው ሰፈር ያለው የመለኪያ ዕቃዎች ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሱዋን ከተመረቀች ጀምሮ የሠራችው በእሱ ሥር ነው። ከሥራ ስትመለስ፣ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌቷን የጭነት መኪና ከገጨው ወዲህ፣ ሰውዬው በየቀኑ እየመጣ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሲመጣ ኬንግ ሆክ ሁለት እጁን ይዞ አመስግኖት ነበር። ትናንት ግን ሰውዬው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ በማር በተለወሰ ድምፅ እንዲህ አለው፦

«ጋሼ ኬንግ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሱዋን ክፍል ውስጥ አንድ መልቲሜትር አለ። ፋብሪካ ያሉት ገና ያልተገጣጠሙ ናቸው፤ የሚሠራው ያ ብቻ ነው። የፈጠራ ባለቤትነቱን ለማስመዝገብ እንፈልገዋለን።»

«መልካም። በስሟ ነዋ የሚመዘገበው?»

«ያው… የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ፣ በእኔ ስም ነው የሚገባው።»

የኬንግ ሆክ ደሙ ፈላ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬውን «እርስዎ» ይለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ «አንተ» ሆነ። ከዕቃው ብሎን እንኳ እንደማያገኝ ነግሮ አሰናበተው። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ተመልሶ መጣ።

ስለዚያ ኤሌክትሪክ መለኪያ መልቲሜትር ከኬንግ ሆክ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕድሜውን የጨረሰው ቴሌቪዥን ሲጠግን ነው። ገበያው ጥግ ያለችው ሱቁ ጣሪያዋ እስኪደበቅ ድረስ አሮጌ ሪሞት ተንጠልጥሎባታል፤ ሱዋንም ፊደል ሳትቆጥር ሪሞት መፍታት ተማረችባት። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባትዬው የአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጀርባ ከፍቶ ኤሌክትሪኩን ይለካ ነበር። ቁጥሩን ለማንበብ አንገቱን ወደ መልቲሜትሩ መለስ ሲያደርግ እጁ ተንሸራተተ። ኤሌክትሪኩ አንስቶ ከመደርደሪያው ጋር አላተመው። ነፍሱን ሲያውቅ ልጅቷ ደረቱ ላይ ተቀምጣ በጥፊ ታጮለው ነበር። አላለቀሰችም። ተናዳ ነበር።

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው ይሄ?» አለች መልቲሜትሩን ከወለሉ አንስታ። «እጅህ እዛ፣ ዓይንህ እዚህ! ይሄን የሠራው ሰውዬ አራት ዓይን ነበረው?»

ያ ንዴት ሳይበርድላት አደገች። ፋብሪካ ከገባች በኋላ በትርፍ ሰዓቷ፣ ፊቱ የሚነቀል መልቲሜትር መሥራት ጀመረች። ሆዱ ከሽቦዎቹ ጋር እዚያው ይቀራል፤ ቁጥሩ የሚታይበት ፊቱ ተነቅሎ እንደ ሰዓት እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ሁለቱ እንደ ሪሞትና ቴሌቪዥን ያለ ሽቦ ይነጋገራሉ። የሚለካ ሰው ዓይኑን ከእጁ ላይ አያነሳም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ልክ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን የሚሠራ ነበር። ኬንግ ሆክ ሆዱን የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በሩን ሲዘጋበት ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ጠፋ።

«ዕውር ልጅ ነው የወለድሽው» አላት። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሲያበሽቃት ከረመ። «መስታወት ግጠሚበት፤ ብርሃኑ ነጥሮ ይወጣልሻል።»

«መስታወት? የፀጉር ቤት ነው እንዴ የምከፍተው?»

እራት ላይ ተጨቃጨቁ። ሳህን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩን በላዩ ላይ ዘጋችበት። ብርሃኑን ትታ በሬዲዮ ሞገድ አደረገችው። የተሳካላት ቀን እሱ ሱቁ ውስጥ፣ የተዘጋ የብረት መዝጊያ ጀርባ፣ የሽቦዎቹን ሹል ጫፎች የግድግዳው ሶኬት ውስጥ ከተተ፤ እሷ ፊቱን እጇ ላይ አስራ መንገዱን ተሻግራ ዶሮና ሩዝ ሻጩ ዘንድ ቆመች። «ሁለት መቶ አርባ አንድ!» ብላ ጮኸች። «አባ! ሁለት መቶ አርባ አንድ!» ሰፈሩ በሙሉ ሎተሪ የደረሳት መስሎት ወጣ። ዶሮ ሻጩማ ቁጥሩን ይዞ ሎተሪ ቆረጠ።

እና አሁን ይህ ዮ የሚባል ሰውዬ የእኔ ነው ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሰልቪ መጣች። ከሱዋን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ናት፤ ሁለቱ ከፋብሪካ መልስ እዚህ ቤት አብረው ያልበሉበት ሳምንት የለም። በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ቡና ይዛ፣ ወንበር ጎትታ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ከሚስተር ዮ ጋር ሳይደባደቡ በፊት የምነግርዎት አለኝ።»

«ጠበቃ አቆመሽ?»

«የማንም ጠበቃ አይደለሁም።» ቡናውን እጁ ላይ አኖረችለት። «ስሙን እሱ አልወሰደውም። እሷ ናት የሰጠችው።»

ኬንግ ሆክ አልገባውም። ሰልቪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ላይ ያሉት አለቆች የሱዋንን ሐሳብ ደጋግመው ጥለውታል፤ ውድ ነው፣ ማን ይገዛዋል ብለው። አንብበው ቢጥሉት አንድ ነገር ነው፤ የታች ሠራተኛ ስም ያለበትን ወረቀት ግን ጭራሽ አይገልጡትም። በመጨረሻ ሱዋን ምሳ ላይ፣ ሰልቪ እየሰማች፣ ለዮ እንዲህ አለችው፦ የአንተን ስም አድርግበት፣ የእኔን ተወው፤ እኔ የምፈልገው ተሠርቶ ሰው እጅ እንዲገባ ነው።

«እሱስ?»

«መጀመሪያ እምቢ አለ።» ሰልቪ ትንሽ አሰበች። «ብዙ አልቆየም እንጂ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«አባባ ከሰማ ፋብሪካው በር ላይ መጥቶ ይጮሃል ብላ።»

«እጮህ ነበራ!»

«እሱን ነው የምልዎት።» ሰልቪ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባትና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ኬንግ ሆክ ቡናውን ሳይቀምስ መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ደረጃውን ወጥቶ የልጁ ክፍል ገባ። መልቲሜትሩ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ሲከፍተው የዕቃው ፊት በራ፤ ዜሮ አሳየው። ከትናንት ጀምሮ የሚጠላው ሰው ነበረው፤ ያም ትንሽ ያሳርፍ ነበር። አሁን ግን ንዴቱ ከዮ ላይ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። እሷ ላይ አረፈ። እንዴት ይህን የሚያህል ነገር ሠርታ እንካ ብላ ለሰው ትሰጣለች? አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ልጅ! ከእሱ ጋር ስለ መስታወት ሳምንት የተጣላች ልጅ!

ታች ወርዶ ከወረቀት ዕቃ ሠሪው አንድ የስም ወረቀት ተቀበለና መልቲሜትሩ ሆድ ላይ ለጠፈው። በስሟ መሆን የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ እዚያው ይሂድላት።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የወረቀቱ ቪላ መንገዱ መሃል ተቀምጦ እሳት ተለኮሰበት። ዘመዶች ቀማኛ መናፍስት እንዳይገቡ ቀይ ገመድ ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። የፋብሪካው ሰዎች ከገመዱ ውጭ ተደርድረዋል። ኬንግ ሆክ ገመዱን በክንዱ ገፋ አድርጎ ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደንቡ…» አለች እትዬ ጉዋት።

አልፏት ወደ እሳቱ ተጠጋ። መልቲሜትሩን ወደ እሳቱ ሲያነሳው ዮ ገመዱን በርግዶ ዘለለ።

«ጋሼ ኬንግ! በፈጠረዎ! እሱ ከተቃጠለ ማንም ደግሞ አይሠራውም! እኔም አልችልም!»

ኬንግ ሆክ ዕቃውን እንዳነሳ ዞረ። የወረቀቱ ጣሪያ ከጀርባው ተደረመሰ።

«ምን አልክ?»

«አልችልም።» ዮ ዞር ብሎ ሠራተኞቹን አየ፤ ሁሉም ሰምተውታል። «ግማሹን አላውቀውም። የእሷ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ስም እዛ ላይ ምን ይሠራል?»

«ውሰደው አለችኝ። እኔም ደስ አለኝና ወሰድኩት።»

«አሁንስ?»

«ስሟን እጽፋለሁ፤ ከእኔ በላይ።» ዮ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ላይ ያሉት ይሰርዙት እንደሆነ ግን አላውቅም። እሱን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ቃል እገባለሁ ቢለው ኖሮ ኬንግ ሆክ ያለ ምንም ማቅማማት ይወረውረው ነበር። ማር ያልተቀባ ንግግር ከዚህ ሰውዬ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እሳቱን አየ። አንድ የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው አገር፣ የብረት ሳጥን ከፍቶ እጁን ሲያስገባ ታየው፤ አንገቱን ሊያዞር ሲል ታየው። ይህን ሰው ከእሱ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ይህም አናደደው።

«እንካ» አለና ዮ ደረት ላይ ወተፈለት። «ወረቀቱን እንዳትልጠው። ያለ ስሟ ገበያ ከወጣ የፋብሪካህን በር አውቀዋለሁ፤ ድምፄንም ሰምተኸዋል።»

ዮ ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ የሬሳ ሳጥኑ ወዳለበት ዞረና ዝቅ ብሎ ሰገደ። ሰልቪ ገመዱ የለቀቀበት ቦታ ገብታ ጫፉን ያዘች። እትዬ ጉዋት ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰችው፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም።

በማግስቱ ጠዋት የቀብሩ መኪና ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ሳጥኑ ተዘግቷል፤ ተሸካሚዎቹ ጓንታቸውን አጥልቀዋል። ወላጅ ልጁን ወደ መቃብር አይሸኝም፤ ኬንግ ሆክ የሚሰናበተው እዚሁ ነው። ለእሱ የቀረው ሥርዓት አንድ ብቻ ነው። እትዬ ጉዋት ቀጭን አርጩሜ ይዛ መጣች። ከወላጁ ቀድሞ የሄደ ልጅ አጥፍቷልና፣ ወላጅ ሳጥኑን በአርጩሜ ይመታል።

«ለወጉ ያህል ነው» አለችው በሹክሹክታ። «ነካ አድርገውና ተመለስ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ኬንግ ሆክ አርጩሜውን ተቀብሎ ሳጥኑ ራስጌ ቆመ። ለሥርዓቱ የተጠራው ካህን ደወሉን እየነካካ ይጸልያል። ሽማግሌው አርጩሜውን አጥብቆ ያዘ።

«ስምሽን ለሰው ስጪ ያለሽ ማነው?» አለ። «ማንን ጠየቅሽ? ማንን አማከርሽ? እኔ አልነበርኩም? እኔ ሞቼ ነበር? በየትኛው በር ሄጄ እንደምጮህ እንኳ ሳትነግሪኝ፣ ሁሉን ሰጥተሽ፣ ባዶ እጅሽን፣ ከእኔ በፊት!»

መታው። ነካ አላደረገውም፤ መታው። ካህኑ ጸሎቱን አቋረጠ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ወደ ኋላ አለ። እንጨቱ ላይ ቀጭን ነጭ ሰንበር ወጣበት።

«ይበቃል» አለች እትዬ ጉዋት እያለቀሰች። «በቃ፣ ይበቃል።»

አርጩሜውን ከእጁ ስትወስድበት አልተቃወመም። ተሸካሚዎቹ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ከዚያ አጎነበሰና የመታውን ቦታ በመዳፉ ያሸው ጀመር፤ ቀስ አድርጎ፣ እየደጋገመ፣ ሕመሙ እስኪተዋት።