ባዶዋ ወንበር

ለጉብኝት በሄድንበት ከተማ እኔና ባሌ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ስንዞር አመሸን። መጨረሻ የገባንበት ቤት ውስጥ ባሌ ጉልበቱን ስላመመው በዋሽንት ነፊውና በከበሮ መቺው መሀል ባገኛት ባዶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሙዚቃው ቀጥ አለ።

አስተናጋጇ ጠጋ ብላ፣ «እዚያ የተቀመጠ ይዘፍናል፤ የቤቱ ደንብ ነው» አለችኝ።

ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ባሌ መካኒክ ነው፤ ከሞተር ድምፅ ሌላ የሚወድ አይመስለኝም ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና አንድ የድሮ የሰርግ ዘፈን ለቀቀው። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከበሮ መቺው መምታቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሲጨርስ ዋሽንት ነፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታድለሽ እህቴ፤ ይሄን ድምፅ በየቀኑ ትሰሚዋለሽ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ልጅ ወልደን፣ ልጅ ድረን፣ የባሌን ዘፈን ገና ያን ማታ መስማቴ ነበር።