ውኃ የጠጣ ድንጋይ

በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ አደራ የሚያስቀምጠው በለጡ ዘንድ ነበር። መንገደኛው ፓስፖርቱን፣ የእናቱን የአንገት መስቀል ወይም የልጁን ፎቶ ይዞ ይመጣል። እሷም ካረጀ ነጠላዋ ጨርቅ ቀድዳ ትቋጥርለትና ከአልጋዋ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ታኖርለታለች። የትኛው ቋጠሮ የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ካርቱም ከገባች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአንዱን ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። በሣጥኑ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ወደ ሊቢያ ሄደው የቀሩ ሰባት ቋጠሮዎች አሉ። በየፋሲካው አውጥታ አቧራቸውን ታራግፍና መልሳ ትከታቸዋለች።

«አሁን እነዚህ ይመጣሉ ብለሽ ነው?» ሲሏት፣

«ቢመጡስ?» ትላለች።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ መንግሥት ወደቀ ተብሎ ጎዳናው በባንዲራና በእልልታ በተጥለቀለቀበት ሰሞን፣ ተድላ የሚባል የደላንታ ልጅ ቤቷ መጣ። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ድምፁ ከሰውነቱ ይበልጣል። ከቀበቶው ሥር በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እትዬ በለጡ፣ ይቺን ያዥልኝ። ገዳሪፍ ወርጄ ትንሽ ሠርቼ ልመለስ። መንገዱ ኬላ ብቻ ነው፤ ልብስ እያስወለቁ ይፈትሻሉ።»

ጥጡን ገለጠችው። የርግብ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ናት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር ስታደርጋት ከውስጧ አረንጓዴ እሳት ተነሣ፤ ትንሽ ስታዘነብላት ቀይ ሆነ፤ ከዚያ ሰማያዊ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ።

«ያ ሰላም!» አለች ሉጥፊያ። ሉጥፊያ ግድግዳ የምትጋራት ሱዳናዊት ጎረቤቷ ናት፤ መንገዱ ጥግ ላይ ሻይ ትሸጣለች። ከሐበሾች ጋር ስለ ኖረች አማርኛውን ባታሳምረውም ትናገረዋለች። «ይሄ ውስጡ መብራት አለ?»

«ኦፓል ነው» አለ ተድላ። «እኛ አገር ገደል ውስጥ ነው የሚገኘው። አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ሲነግረን፣ ይህ ተራራ ድሮ ከምድር የወጣ እሳት የተፋው አመድ ነው አለን። ዝናቡ በአመዱ ውስጥ እየሰረገ ያሟሟዋል፤ ያሟሟውን ይዞ ወርዶ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል። ውኃው ቀስ እያለ ሲሄድ የያዘው ነገር ይቀራል። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ድቡልቡሎች ናቸው፤ እንደ ሱቅ እንቁላል ረድፍ ረድፍ ይዘው የተደረደሩ። ብርሃን በመሃላቸው ሲያልፍ ነው እንዲህ የሚበታተነው። ስንት ሺህ ሺህ ዓመት እንደ ፈጀ ነግሮን ነበር፤ ረሳሁት።»

«አይበላ፣ አይለበስ» አለች በለጡ። «ሰው ምን ሆኖ ነው ይህን የሚወድ?»

«ሁለት አንድ ዓይነት የለማ! መቶ ብታወጪ መቶው ለየቅል ነው።»

«ይህማ ሰውም እንዲሁ ነው። ማን በጥጥ ጠቀለለው?»

ሉጥፊያ ሳቀችና ጣቷን ዘረጋች። ከአያቷ የወረሰችው የብር ቀለበት አለ፤ ፈርጡ ዓቂቅ የሚሉት ደም የመሰለ ድንጋይ ነው። «ይሄን ሼኹ በእጁ ይዞ ዱዓ አድርጎበታል። ለዚህ ነው የምወደው። ያንተን ማን ባረከው? ያልተባረከ ድንጋይ ሐጀር ነው፤ ባዶ ድንጋይ፣ ወላሂ!»

ተድላም ሳቀ። በለጡ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ ሆዷ ገባ።

«ሸጠህ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ሊቢያ ልሻገር። ይቺን ያወጣናት እኔና ካሣዬ ነን፤ አብሮ አደጌ ነው። በሳምንቱ ዋሻው ተናደበት። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ተረፍሁ። ተመልሼ እዚያ ጉድጓድ አልገባም።»

«አትሂድ፣ ልጄ። ከዚህ ሣጥን ውስጥ ሰባት አሉልኝ። ስምንተኛ አልፈልግም።»

«እትዬ፣ አደራ ሰጠሁሽ እንጂ ምክር መቼ ጠየቅሁሽ?» አለ እየሳቀ። ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። እሷም ቋጠረችለት።

ተድላ ገዳሪፍ ሆኖ በየሳምንቱ በኢሞ ይደውልላት ነበር። በግንቦት መጨረሻ አደባባይ ላይ ለተቃውሞ በተቀመጠው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ። ኢንተርኔቱ ተቆረጠ፤ የተድላም ድምፅ አብሮ ተቆረጠ። የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን በጡብና በአሮጌ ጎማ አጥረው ማታሪስ ሠሩ። ከገዳሪፍ የመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ አንድም ተድላን ያየ የለም። በለጡ ተቀጥራ የምታጸዳው ቤት ከከተማው ማዶ፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር ነው፤ መንገዱ ስለ ተዘጋ እቤቷ ዋለች። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ክፉ ክፉውን ያስባል። «ስምንተኛው ይህ ልጅ ይሆን?» እያለች ሣጥኑን በእግሯ ትነካካለች።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ማታሪሱን እየዘለለች፣ ሪክሻ እየለዋወጠች ቤተ ክርስቲያን ሄደችና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ተመለሰች። በዚያ ቀን የሉጥፊያ ቃል ትዝ አላት፤ ያልተባረከ ድንጋይ። የልጁ ተስፋ ሁሉ ያለው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ሚካኤል እሱን ካለበት እንዲመልስላት ከንብረቱ ብትጀምር ምን አለ? ቋጠሮውን ፈታች፤ ጠበሉን በሻይ ብርጭቆ ቀዳችና ድንጋዩን ቀስ አድርጋ አስገባችው።

«ቅዱስ ሚካኤል፣ ባለቤቱን ካለበት አምጣልኝ» ብላ ብርጭቆውን ከሥዕሉ ሥር አኖረችው።

ከሰዓት በኋላ ልታወጣው ስትል ድንጋዩን አጣችው። ብርጭቆው ውስጥ ውኃ ብቻ ነው። እጇን ስትከት ግን ነካችው። አወጣችው። እሳቱ የለም። አረንጓዴው የለም፣ ቀዩ የለም። መዳፏ ላይ ያለው የተሰበረ ጠርሙስ ቂጥ የመሰለ ነገር ነው። በቀሚሷ አሸችው፤ እፍ አለችበት፤ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ምንም።

መጀመሪያ የፈራችው ሚካኤልን ነበር። ቀጥሎ የፈራችው ግን ሰውን ነው። «ኦፓሉን ሸጣ ጠርሙስ ሰጠችኝ ቢል ማን ሐሰት ነው ይላል? እኔስ ብሆን አምን ነበር?» ከዚህ የባሰ ደግሞ መጣባት፤ እንዳልሄድ ብላ ሆን ብላ አበላሸችብኝ ቢልስ? እንዳይሄድ ተመኝታ ነበርና ይህኛው ሐሳብ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

በማግሥቱ ለሉጥፊያ አሳየቻት።

«ውኃ ገብቶበታል» አለች ሉጥፊያ። «ልብስ ውኃ ሲገባበት ምን ይደረጋል? ፀሐይ! ያላ፣ ጣራው ላይ!»

የሰኔን የካርቱም ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ላይ ሊጥ ቢጣል ይጋገራል። ድንጋዩን እዚያ አውለው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሲያወርዱት በአንድ ጎኑ አረንጓዴ ብልጭታ ታየ። በለጡ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተውበታል፤ አንደኛው ከዳር እስከ ዳር ሄዷል።

አፏን መልሳ ገጠመች።

«ስሚኝ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለች ሉጥፊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገብተው ወሰዱት በይ። በዚህ ወር ያልተዘረፈ ማን አለ? ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?»

«ኃጢአት አታናግሪኝ!» አለች በለጡ። አለች እንጂ ነገሩ ከጆሮዋ አልወጣም። በማግሥቱ ድስት ስታጥብ «ሦስት ነበሩ፤ በሩን በእርግጫ መቱት» እያለች ለብቻዋ ስታጉረመርም ራሷን ያዘችና አፈረች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተበረገደና ተድላ ገባ። ከስቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰላምታ እንኳ ሳያስጀምራት አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

«እንኳን አንቺን አልነኩሽ! እንኳን ተረፍሽ፣ እትዬ! ሉጥፊያ ማታሪሱ ጋ አግኝታኝ ሁሉንም ነገረችኝ። የወሰደ ይውሰደው!»

ከትከሻው በላይ ሉጥፊያ በሩ ላይ ቆማ ትታያለች። ዓይኗን ጠቀሰቻት፤ ኸላስ፣ አለቀልሽ እንደ ማለት።

በለጡ ውኃ ቀድታ አቀረበችለትና አልጋው ላይ ተቀመጠች። መዋሸት እንኳ አይጠበቅባትም፤ ሌላ ሰው ዋሽቶላታል። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት። ተድላ ያቀረበችለትን ውኃ ጨልጦ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«የካሣዬም ላብ ነበረች። ነፍሱን ይማር። ምን ይደረጋል፣ ይሁን» አለ። «አንቺ እንዳታዝኚ ብቻ።»

ያን ጊዜ አልቻለችም።

«ማንም አልገባም» አለች።

«ያ በለጡ!» ብላ ጮኸች ሉጥፊያ።

«ማንም አልገባም፣ ልጄ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ቋጠሮውን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችው። «ጠበል ውስጥ ከተትሁት፤ ቀለሙ ጠፋ። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ ተሰነጠቀ።»

ተድላ ድንጋዩን አገላብጦ ስንጥቆቹን በጥፍሩ ዳሰሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠበሉማ ምንም አላደረገው» አለ። «የእኛ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይሸሻል፤ ጥላ ውስጥ ብትተዪው ቀስ ብሎ ራሱ ይመለሳል። እኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ፀሐዩ ነው የገደለው፤ ቸኩሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እንዳልሄድ ብለሽ ነው?»

የፈራችው ጥያቄ ይኸው መጣ።

«እንዳትሄድ እፈልጋለሁ። ዛሬም እፈልጋለሁ» አለች። «ድንጋይህን ግን ለዚህ ብዬ አልነካሁትም። እንድትመጣልኝ ብዬ ነው።»

ተድላ ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ከማታሪሱ በኩል የወጣቶቹ ጭብጨባና መፈክር ይሰማል።

«ዝም ብትዪ ኖሮ አልቆ ነበር እኮ» አለ ሳይዞር። «ይቅር ብዬ ነበር።»

«ይቅር ያልኸው ዘራፊዎቹን ነው። እኔን አይደለም።»

ዞረ። ያን ጊዜ ሉጥፊያ ወገቧን ይዛ መሃል ገባች። «እኔንስ? ለእሷ ብዬ በጠራራ ፀሐይ የዋሸሁት እኔን ማን ይቅር ይበለኝ? ሦስት ወታደር፣ አንድ መኪና ፈጥሬአለሁ፤ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ነግሬሃለሁ!»

ተድላ ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አመለጠው። እየሳቀ እንባው ወረደ።

ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድንጋዩን ወደ ብርሃን አነሣው። «ያበላሸሽውስ አንቺ ነሽ። ውኃ እንደሚጠጣ ሳልነግርሽ የሄድሁት ግን እኔ ነኝ። ይህ ረጅሙ ስንጥቅ ጠልቋል፤ ከዚህ ወዲያ ያለው አይተርፍም። ሌሎቹ ግን ላይ ላዩን ይሁኑ ውስጥ ድረስ የዘለቁ፣ ድንጋዩ ደርቆ ሲያልቅ ነው የሚታየው። በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት። ከዚያ ለድንጋይ ቆራጭ አሳየዋለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ የት እሄዳለሁ?»

በለጡን ደስ ሊላት ነበር፤ ደስ ሊላት የማይገባ መሰላትና ፊቷን መለሰች።

«ማን ዘንድ ታስቀምጠዋለህ?» አለች ግድግዳውን እያየች።

ተድላ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል ክፍሉን በዓይኑ ዞረው። «ማን አለኝ?» ብሎ ድንጋዩን ዘረጋላት።

እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበች። «ቆይ። እንዲህ አልቀበልም። መጀመሪያ ስንጥቁ ይቆጠር። ስንት እንደሆነ ሦስታችንም እንወቅ፤ ከዚህ በኋላ አንድ ቢጨመርበት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሉጥፊያ፣ የአንቺ ዓይን ደህና ነው፤ ነይ ቁጠሪ።»

ሉጥፊያ ድንጋዩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። «ዋሒድ… ኢትኔን… ተላታ…»

«ያቺን ሁለት ጊዜ ቆጠርሻት» አለ ተድላ።

«ዝም በል አንተ! ያገርህ ድንጋይ እንዳንተው ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም» ብላ ከዋሒድ እንደ ገና ጀመረች።