የዘጠነኛው ቀን ዝናብ

ድረስ በእስራኤል ከአፉላ ከተማ ወጣ ባለ ሞሻቭ፣ በገበሬዎች መንደር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ትራክተር ነድቷል። ባለእርሻው ሲደክም ሥራውን ለልጁ ለኦሬን አስረከበ፤ ኦሬን ደግሞ ከማሳው ይልቅ ስልኩን የሚያይ ሰው ነው።

በመጋቢት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ጧት፣ ኦሬን ስልኩን ዘረጋለት። «የመጪው ሳምንት ማክሰኞ ከባድ ዝናብ አለ። ለድርቆሽ የተዘራውን ስንዴ ሁለቱንም ማሳ ዛሬውኑ እጨደው።»

«ማክሰኞ እኮ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል» አለ ድረስ። «ስንዴው ለጋ ነው። አሁን ከታጨደ ደርቆ ምንም አይተርፈውም።»

«ታሐዚቱ ዝናብ ይላል!» ትንበያውን እዚያ ታሐዚት ነው የሚሉት።

«የሦስት ቀኑን ሲነግረኝ አምነዋለሁ። የዘጠኝ ቀኑን ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ምልክት እያደረግሁ አይቼዋለሁ፤ ከሁለት አንዱ ይቀራል። በሱ አላጭድም።»

«እንግዲያው ቤትህ ሂድ። እስክጠራህ አትምጣ።»

ድረስ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። ኦሬን ሌላ ሾፌር ቀጥሮ የመንገድ ዳሩን ማሳ አሳጨደ፤ የምሥራቁ ግን መሬቱ ረጥቦ ጎማ እየዋጠ አላስገባ አለው።

ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ እቤት፣ ሚስቱ ባንቺአየሁ ተቆጣች። «ጡረታህ ሁለት ዓመት ሲቀረው! ደውልና ይቅርታ በለው እንጂ!»

«የተሳሳትኩ ቀን እለዋለሁ።»

ይበል እንጂ ጧት ጧት ትንበያውን ይከፍታል። ረቡዕ ዕለት ዝናቡ ወደ መጪው ሳምንት ሐሙስ ተገፋ። ዓርብ ጭራሽ ጠፋ። ባንቺአየሁ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። እሑድ ጧት ሲከፍተው ዝናቡ ተመልሷል፤ ረቡዕ፣ ሦስት ቀን ቀርቶት።

ማንም ሳይጠራው አውቶቡስ ተሳፈረ። ሲደርስ ኦሬን መሬቱ ደርቆለት በምሥራቁ ማሳ ጫፍ ማጨጃውን አስነሥቷል።

«ማን ጠራህ?»

«አጥፋው! ረቡዕ ይዘንባል፤ አሁን የታጨደ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ይልቅ የታጨደውን አስረን እናስገባ።»

«ባለፈው አላምነውም አላልክም?»

«ዛሬም ዘጠኝ ቀን ቢለኝ አላምነውም። አሁን ያለኝ ሦስት ነው።»

ኦሬን ስልኩን አየ፤ ድረስን አየ፤ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስሩና ሲጭኑ ሰነበቱ። ማክሰኞ ከሰዓት የመጨረሻው እስር መጋዘን ገባ፤ ረቡዕ ጧት ሸለቆው በዝናብ ተሸፈነ።

መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሳለ ኦሬን ፈገግ አለ። «አየህ? የሳተው በአንድ ቀን ብቻ ነው። ልክ ነበርኩ።»

«ዓርብ ዕለት ጠፍቶ የለ? ያን ቀን ብትጠይቀው ምን ይልህ ነበር?»

ኦሬን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ስማኝ» አለ ድረስ፣ «አንተ ባልከው ቀን ቢዘንብ ኖሮም ያን እሑድ አላጭድም ነበር። ዕድል ቀናኝ ብዬ አይደለም የምከራከርህ።»

የምሥራቁ ማሳ ከዐሥር ቀን በኋላ በጠራ ፀሐይ ታጨደ፤ ከመንገድ ዳሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ድርቆሽ ወጣው። ኦሬን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ድረስም አልጠየቀም።

«የሚመጣው ዓመትም እንዲሁ ልታስቸግረኝ ነው?» አለው ኦሬን።

«እንዲያውም ከዘንድሮው ብሼ» አለና ድረስ ወደ ትራክተሩ ወጣ።