በግ የሚነበብበት ክፍል

ሔራን ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ድምጿ አይደናቀፍ፣ ትንፋሿ አይቆራረጥ፤ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ማኅሌት እንደቆመ ሰው ዝቅ አድርጋ ታሳርፈዋለች። መምህርት ንጋቷ አንኮበር ተመድባ በመጣች ሰሞን ይህችን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰምታ፣ "እኔ ደግሞ እሷን ምን ላስተምራት ነው?" ብላ ነበር። ከዚያ ያነበበችው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

"እሱን አላውቅም፣ ቲቸር" አለች ሔራን፣ ቅንጣት እፍረት ሳይሰማት። "እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ተርጓሚ አይደለሁም።"

ንጋቷ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣ። ልጅቱ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ናት። እሳቸው በደብራቸው ዜማ የሚመሩ፣ በአጥቢያው ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። በቤታቸው ሥርዓት ልጅ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ንባብ ይለምዳል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ያነበቡት ምን ማለት እንደሆነ መመርመር፣ ማለትም ትርጓሜ፣ ብዙ ዓመት ቆይተው ጢም ያወጡ ደቀ መዛሙርት የሚደርሱበት ነው። ሔራን ደግሞ ጢም የላትም። ስለዚህ ድምጿን አሳምራ ታነባለች፣ ትርጉሙን ለጢማሞቹ ትተዋለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር የሌሎቹም ልጆች ነገር ከዚህ አይሻልም ነበር። ሰኞ ስለ ትራፊክ መብራት ያነባሉ፤ አንኮበር ላይ የትራፊክ መብራት ቢተከል ደግሞ ቆሞ የሚጠብቀው አህያ ብቻ ነው። ማክሰኞ ስለ አዞ፣ ረቡዕ እጅ ስለ መታጠብ፣ ሐሙስ ስለ አውሮፕላን ያነባሉ። ዓርብ ሲመጣ የሰኞው ተረስቷል። ገጹ ይገለጣል እንጂ እውቀቱ አይጨምርም። ንጋቷ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሰው ናትና አንድ ቀን ቆረጠች።

"ከዛሬ ጀምሮ እስክንጠግብ ድረስ የምናነበው ስለ አንድ ነገር ነው" አለች። "ስለ በግ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በግ ለካ ቀላል ነገር አይደለም። ስለሚግጠው ሣር አነበቡ፣ ስለሚይዘው በሽታ አነበቡ፣ ስለ ፀጉሩ አነበቡ። አንዲት ፈታይ እናት እንዝርቷን ይዛ መጥታ ከፀጉሩ ክር ስታወጣ አዩና ያዩትን ጻፉ። ንጋቷ ራሷ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከሚሸጥ ቤተሰብ ስለተወለደች ከእናቷ ሱቅ ከበግ ፀጉር የተሸመነ ቁራጭ ባና አምጥታ አስዳሰሰቻቸው። ባየው የሚባለው የበግ ነጋዴ ልጅ፣ ከስሙ በቀር ጽፎ የማያውቀው ባየው፣ ስለ በግ ላት ገጽ ሙሉ ጻፈና አቁም ቢሉት እምቢ አለ። ሔራን ግን "የራስሽን ጻፊ" ስትባል ከመጽሐፉ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ ገልብጣ ታስረክባለች።

ወሬው መሪጌታ ጆሮ ደረሰ። አንድ ጠዋት መቋሚያቸውን ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ፤ ንጋቷም ተጠራች።

"በግ እቤቴ አለኝ!" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "በግ ለመማር ከሆነ ከበረቱ ጋር ምን አጣላኝ? ልጄን የላክኋት ንባብ እንድትማር ነው። አወጣታለሁ!"

ርዕሰ መምህሩን ወልደተንሣኤን ላብ አጠመቀው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከመሪጌታ ጋር መጣላት ከአጥቢያው ሁሉ ጋር መጣላት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ንጋቷን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ "እሷን ካስወጡ የግማሹ ክፍል ወላጅ ይከተላቸዋል" ብሎ አንሾካሾከላት። "ወይ አሳምኛቸው፣ ወይ ወደ ትራፊክ መብራቱ እንመለስ።"

ንጋቷን ገና አሁን እርሳስ መጨበጥ የጣመው ባየው አሳዘናት። ከሁሉ በላይ ግን ለሔራን ፈራችላት። ያቺ ልጅ ከዚህ ክፍል ከወጣች የራሷን አንዲት ቃል ሳትናገር የሰው ቃል አሳምራ ስታነበንብ ልትኖር ነው።

"መሪጌታ፣ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለው ይስሙን" አለቻቸው።

"ሰምቼም አወጣታለሁ።"

"ይሁን፤ ሰምተው ያውጧት።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ነውና ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም፤ ሊያ የምትባለው ተንኮለኛ ብቻ ሳል አስመስላ አሳለፈችው።

ሔራን ተነሥታ አነበበች። "የደጋ በግ ፀጉሩ ረዥምና ወፍራም ነው። የቆላ በግ ፀጉር ግን አጭር ነው።" አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለምን ይመስላችኋል?" አለች ንጋቷ።

"ለብርዱ ነው!" አለ ባየው።

"ጎበዝ" ብላ ወደ ሰሌዳው ልትዞር ስትል፣ ከኋላ "አንድም!" የሚል ድምፅ መጣ።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። መሪጌታ ራሳቸውም ካፋቸው አምልጧቸው የደነገጡ ይመስላሉ። ቃሉ የትርጓሜ ቤት ቃል ነው፤ እዚያ መምህሩ አንድ ፍቺ ሰጥቶ አያበቃም፣ "አንድም" ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ደግሞ "አንድም" ብሎ ሦስተኛ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አሉ ቆጣ ብለው። "አንድ ፍቺ ሰምቶ የሚነሣ ተማሪ የት አገር አለ? አንድም በሉ እንጂ!"

"አንድም" አለች ሊያ ብድግ ብላ፣ "የቆላው በግ ፀጉሩ ቢረዝም በሙቀት ይታፈናል።"

"ይበል! አንድም?"

"አንድም" አለ ባየው፣ "የደጋ ሰው ባና ስለሚፈልግ ፀጉራም ፀጉራሙን እየመረጠ አርብቶት ይሆናል። አባቴም ሲገዛ እየመረጠ ነው።"

"ይኼስ ደግ ነገር ነው" አሉ መሪጌታ ወደፊት ሰገግ ብለው። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። "አንቺስ? ምነው ዝም አልሽ?"

ሔራን ቀስ ብላ ተነሣች። "አባዬ፣ ይፈቀድልኛል?"

"ማን ከለከለሽ?"

ማንም አልመለሰም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያቺ ዝምታ ግን መሪጌታን ጠዘጠዘቻቸው። ማን እንደከለከላት ገባቸው። "ተፈቅዷል" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"መልስ የለኝም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ" አለች። "የቆላ በግ ወደ እኛ አገር ቢመጣ ፀጉሩ ይረዝማል? ወይስ የሚረዝመው የልጁ ነው? ወይስ የልጅ ልጁ?"

ንጋቷ ጠመኔውን ዘረጋችላት። "ጻፊው።"

"ከየት አይቼ?"

"ከየትም። ከራስሽ።"

ጻፈች። ያ የሚያምረው ፊደሏ ተንጋደደ፣ መስመሩም ወደ ታች ወረደ። ንጋቷ ከዚህች ልጅ እጅ ይህን ያህል ደስ የሚል ጽሑፍ አይታ አታውቅም። እንባዋን ልጆቹ እንዳያዩባት መስኮት የምትከፍት መሰለች።

"እሺ፣ መልሱ ምንድን ነው?" አሉ መሪጌታ።

"አላውቀውም" አለች ንጋቷ። "እናነባለን፣ የሚያውቅ ሰውም እንጠይቃለን።"

"መምህር ሆነሽ አላውቅም ትያለሽ?"

"ስለማላውቀው ነው፣ መሪጌታ።"

ትክ ብለው አዩዋት። ደወሉ ሲደወል አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጥተው ሄዱ። ወልደተንሣኤ በር ላይ ጠብቆ "ምን አሉ?" አላት። "ምንም።" "ምንም ማለት ደግ ነው ክፉ?" "እኔ ምን አውቄ!" ያን ቀን ንጋቷ ምሳዋ አልወረደላትም።

በማግስቱ የሰልፍ ደወል ተደወለ፣ ሔራን የለችም። ክፍል ገቡ፣ ሔራን የለችም። ንጋቷ ባዶውን ቦታ ላለማየት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ቀኑን ስትጽፍ በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ቆመዋል።

"ይህችን ልጅ ምን አድርገሻት ነው?" አሉ። "ትናንት ማታ ዳዊት ስንደግም በየመስመሩ 'አባዬ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?' እያለች አላስደግም አለችኝ። የመጀመሪያውን ነገርኋት። ሁለተኛውንም እንደምንም ነገርኋት። ሦስተኛው ላይ..."

"ሦስተኛው ላይ ምን አሏት?"

"አንቺ ያልሽውን።"

ሔራን ከእጃቸው አምልጣ ወደ ቦታዋ ሮጠች። መሪጌታ እሷ እስክትቀመጥ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ እኔ የትርጓሜ ቤትን ደጃፉን ብቻ ነው የረገጥሁት። አባቴ ሲሞት እርሻው ሰው አጣና ተመለስሁ። ከውጭ ቆሜ 'አንድም' ሲሉ ስሰማ እንዴት እቀና ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ካዜምሁት ግማሹን አላውቀውም። ይኼን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።"

"ታዲያ ሔራን..." አለች ንጋቷ፣ "ትቀጥላለች?"

"ትቀጥል እንጂ! እኔ ብቻዬን የት እችላታለሁ?" አሉ። "ያረፈድነውም ገዳም ደርሰን ስንመለስ ነው። እዚያ አንድ አረጋዊ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አሉ፤ ለመንኋቸው፣ እሺ አሉኝ።"

"ሔራንን ሊያስተምሩልዎ?"

"እሷንማ አንቺ አለሽላት አይደል?" መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉና እንደ አዲስ ገቢ ተማሪ አፈር አሉ። "በይ ልሂድ፤ ገና በመጀመሪያ ቀኔ ባረፍድ ይቆጡኛል።"