ከገንዳው የወጣ ካርቶን

«አባትሽ በመጨረሻዋ ማታ የበሉት ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ብስኩት የተደረደረበትን ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። ገና ከበራፉ አልገቡም።

«ሾርባ» አለች ኬክ ሠሪዋ።

«የምን ሾርባ?»

«የአትክልት።»

«ሙሉውን ጨረሱት?»

ኬክ ሠሪዋ ሳህኑን ተቀበለች። የቅቤውና የቫኒላው ሽታ አፍንጫዋ ሲደርስ ፊቷን ዞር አደረገች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ዳይሬክተሯ በየቀኑ አንድ ሳህን ብስኩትና አንድ ጥያቄ ይዘው ከአራተኛ ፎቅ ይወርዳሉ። መጀመሪያ «ሲያርፉ ማን ነበር አጠገባቸው?» አሉ። ትናንት ደግሞ «መድኃኒታቸውን የምትሰጫቸው አንቺ ብቻ ነበርሽ?» ብለው ጠየቁ። እሷም የማጽናናት ወግ መስሏት አንድ በአንድ ስትመልስ ነበር። አሁን ግን ድንገት ገባት። ይህን አጠያየቅ፣ ይህን አንገት ዘንበል አድርጎ ማዳመጥ ታውቀዋለች። መጽሐፍ ላይ አንብባዋለች። መጽሐፉን ያዋሰቻቸውም ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አንድ ጥቅል ተከታታይ ልቦለድ ገዝታ ነበር። ሁሉም ስለ አንዲት ባለ ኬክ ቤት የተጻፉ ናቸው። ሴትየዋ ጸጥ ባለች ትንሽ ከተማ ኬክ እየጋገረች ትኖራለች። በየመጽሐፉ አንድ ሰው ይገደላል፣ ፖሊሱ ግራ ይጋባል፣ እሷ ግን ኬኳን ተሸክማ ሐዘንተኛ ቤት እየገባች፣ እየጠየቀች፣ የሰው ቆሻሻ እየበረበረች ገዳዩን ታወጣዋለች። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሳሎን ትሰበስብና ሻይ ቀድታላቸው ጣቷን ትቀስራለች። ከዚያ የኬኩ አሠራር ይከተላል፤ ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ስኳር። በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ሬሳ ሸትቶ አያውቅም።

አባቷ በሕይወት ሳለ ኬክ ሠሪዋ ጠዋት ኬክ ቤቱ ስትጋግር ትቆይና ከሰዓት ተመልሳ አባቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ የእግሩን ቁስል ትጠርጋለች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ ምዕራፍ ታነብለት ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስኳር በሽታው እግሩን በልቶ ካስተኛው ወዲህ የቀረው ቀልዱ ብቻ ነበር።

«ገዳይዋ ራሷ ናት እኮ!» ይል ነበር። «በሄደችበት ሁሉ ሰው ይሞታል፤ እንዴት አንድ ሰው አይጠረጥራትም? እኔ ይቺን ሴትዮ እንኳን ቤቴ ላስገባት፣ አውቶቡሴ ላይም አላሳፍራት!»

አብረው እስኪያማቸው ይስቃሉ። አንዱ መጽሐፍ ሲያልቅ ለዳይሬክተሯ ታውሳቸዋለች። እሳቸው ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚቆጣጠሩት ሰው ጠፍቶ ተጨንቀው ስለነበር ልቦለዶቹን እንደ ጉድ ወደዷቸው። ብስኩት መጋገር የጀመሩትም ያኔ ነው።

ኬክ ሠሪዋ ማንንም አልገደለችም። የደበቀችው ነገር ግን አለ። አባቷ ባረፈበት ቀን ዋዜማ አንድ ቁራጭ ኬክ አብልታዋለች። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ብለው ከመለሱት በኋላ ስለሆነ ኬኩ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አልነበረም። ቢሆንም ታላቅ ወንድሟ ከሚኖርበት ከተማ በደወለ ቁጥር «ጣፋጭ በአፉ እንዳይዞር፣ አደራ!» ሲላት፣ እሷም «እሺ ጋሼ» ስትለው ኖራለች። አደራ በልታለች። እናታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ከእንግዲህ በዚህ ዓለም ያላት የሥጋ ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ይህን ከሰማ ሁለተኛ ዓይኗን እንደማያይ ታስባለች። አሁን ለሐዘኑ መጥቶ ሳሎኑ ጥግ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

ዳይሬክተሯ ዛሬ ብቻቸውን አልመጡም። ከጎረቤት ጸጉር ሠሪዋንና የሕንፃውን ዘበኛ አስከትለዋል። ሻይ ተቀዳ፣ ብስኩቱ ዞረ፣ ሁሉም ማኘክ ጀመረ።

«እንኳን ሁላችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ሶፋው መሃል ተደላድለው ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ።

ኬክ ሠሪዋ ልቦለዶቹን አስታወሰች። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል። ሳሎኑ አለ፣ ሻዩ አለ፣ ብስኩቱ አለ፤ የሞተው ሰው ግን የሷ አባት ነው። ዳይሬክተሯን ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው አብርቶ ስታያቸው ቀፈፋት። ደስ ብሏቸዋል እኮ! ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል።

«ለክፋት አይደለም» ቀጠሉ ወደ ወንድሟ ዞረው። «የሞተ ሰው እውነቱ ሊወጣለት ይገባል ብዬ ነው። አይደለም እንዴ ልጄ?»

«የምን እውነት?» አለ ወንድሟ ቀና ብሎ።

ዳይሬክተሯ ከቦርሳቸው በስስ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ፣ ከብስኩቱ ሳህን አጠገብ አኖሩት። የተጨፈለቀ ትንሽ ካርቶን ነው። ክዳኑ ላይ የኬክ ቤቱ ማኅተም ይታያል። ጠርዙ ላይ ክሬም ደርቆበታል፤ ከክሬሙ ጎን ደግሞ ክሬም ያልሆነ ቡናማ ነገር አለ።

«ይህ የተገኘው አባታችሁ ባረፉ ዕለት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታች ገንዳው ውስጥ፣ ከዚህ ቤት በወጣው ጥቁር ፌስታል ውስጥ። የስኳር በሽተኛ ካለበት ቤት ኬክ!»

ጸጉር ሠሪዋ ማኘኳን አቆመች። ዘበኛው ግን ነገሩ ስላልገባው ሌላ ብስኩት አነሳ።

ኬክ ሠሪዋ ካርቶኑን አላየችም። የምታየው የዳይሬክተሯን እጅ ነው።

«ፌስታሉን ፈቱት?» አለች።

«ድርብ ቋጠሮ ነበረው። እሱ ራሱ አጠራጠረኝ!»

«ደርቤ የቋጠርኩት ሽታው ጎረቤት እንዳይረብሽ ብዬ ነው። ጓንት አድርገው ነበር?»

«ጓንት ከየት አመጣለሁ ልጄ?»

«ውስጡ ያለውን አዩት?»

«ያው ቆሻሻ ነው። የሰው ቤት ቆሻሻ ምን ይታያል?»

«ዳይፐር ነው እትዬ። የአባዬ ዳይፐር። በመጨረሻ ሆዱን መያዝ አቅቶት ነበር፤ ለመቀየር አልደርስበትም ነበር። ከዳይፐሩ ሥር የቁስሉን መግል የጠረግኩበት ጥጥ ነው፤ ገና አልደረቀም ነበር። ከጥጡ ሥር ያስመለሰበት ፎጣ ነው። ካርቶኑን የከተትኩት ከሁሉም ሥር ነው። እስከ ክርንዎ ነው እጅዎን የሰደዱት ማለት ነው።»

ዳይሬክተሯ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰቡ።

«ከዚያ ወጥተው ብስኩት ጋገሩልን» አለች።

«ታጥቤያለሁ! በሳሙና ታጥቤያለሁ!»

«ሊጡ በእጅ ነው የሚታሸው አይደል? መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ዘበኛው አፉ ውስጥ ያለውን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ሊውጠው አልቻለም፣ ሊተፋውም አፈረ፤ ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ። ጸጉር ሠሪዋ የገመሰችውን ቀስ ብላ የሻይ ሲኒዋ ማስቀመጫ ላይ አኖረችና እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

ዳይሬክተሯ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ነገሩን አታዟዙሪው» አሉ ፊታቸው እንደቀላ። «ጥያቄው አንድ ነው። ኬኩን ማን በላው?»

ወንድሟ እያያት ነው።

መዋሸት እንዴት ቀላል ነበር! «እኔ ነኝ የበላሁት» ብትል ማን ይጠራጠራል? ኬክ ሠሪ ኬክ በላች፤ በቃ። ካርቶኑ ወደ ቦርሳው ይመለሳል፣ ወንድሟም ወደ ሐዘኑ። ግን ያን ከሰዓት አስታወሰችው። አባቷ ትራስ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክሬሙን ምላሱ ላይ ሲያቆየው ነበር። ያቺን ደስታ ከሞተ ሰው ነጥቃ ለራሷ ልታደርጋት ነው? እሷ እንኳ ኬክ ካስጠላት ስንት ጊዜዋ!

«አባዬ ነው የበላው» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሁት፤ በማንኪያ።»

ዳይሬክተሯ ጣታቸውን አነሱ። ነገር ግን ወንድሟ ቀድሟቸው ተነስቶ በሩን ከፈተ።

«እግዜር ይስጥልን እትዬ። ይበቃናል።»

«እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ…»

«ይበቃናል» አለ እንደገና። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለራሱ ያዘው።

ዘበኛው አፉን በእጁ እንደሸፈነ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲተፋ ተሰማ።

በሩ ተዘጋ። ወንድሟ ወደ አባታቸው ክፍል ገባ። ኬክ ሠሪዋም ተከተለችው። ፍራሹ ወጥቷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ወንድሟ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠ።

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«የምን ኬክ ነው?»

«ቸኮሌት። ክሬሙንም አልቀነስኩለትም።»

«ጨረሰው?»

«ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ ጨረሰው። ‹ለካ ሙያ አለሽ› አለኝ።»

ወንድሟ ካርቶኑን እያገላበጠ ቆየ። ቡናማው ነገር ጣቱን ሲነካው እንኳ አልለቀቀውም።

«ባለፈው ስመጣ እኔንም ለምኖኝ ነበር» አለ። «አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ‹ታች ካለው ሱቅ አንድ ጣፋጭ ነገር ግዛልኝ፤ ለእሷ አንነግራትም› አለኝ። እምቢ አልኩት። እምቢ ማለት ብቻ መሰለሽ? ተቆጣሁት። እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጣሁት።»

 ኬክ ሠሪዋ አጠገቡ ተቀመጠችና ትከሻዋን ሰጠችው። ከዚያ በፊት ታላቅ ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

ሲበርድለት ራስጌው ላይ ያለውን መጽሐፍ አነሳ። መሃሉ ላይ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ምልክት ሆኖ ተሰክቷል።

«እዚህ ነው ያቆማችሁት?»

«አዎ።»

«መጨረሻውን አታይውም? ማን እንደገደለ?»

«አባዬ ነግሮኛል» አለች።

ተነሳች። መጽሐፎቹን ሁሉ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ያልተጨረሰውንም እንደተሰካበት ጨምራ፣ በገመድ አሰረቻቸው። ከላያቸው የዳይሬክተሯን ሳህን አስቀመጠች። የሰው ዕቃ ሳታጥብ መልሳ አታውቅም። ቧንቧው አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ ሳህኑን አየችው፤ የተገመሱት ብስኩቶች እንዳሉ ናቸው። ቧንቧውን ሳትከፍት አራተኛ ፎቅ ወጣችና ሁሉንም እንዳለ በራፋቸው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።