የደስታነሽ አሜን

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ደክሟቸው ነበር። የጉልበት ድካም ቢሆን ተኝተው ሲነሱ ይለቃቸው ነበር፤ የእሳቸው ግን የልብ ነው። ሚስታቸው አልጣሽ በወባ ስትያዝ ዳዊት ደገሙላት፣ ጠበል አጠጧት፣ መሬት ላይ ተደፍተው ለመኑላት። ሞተች። ቄስ ደግሞ ሁለተኛ አያገባ፤ ቤታቸው ወና ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መቀደሱንም ቀደሱ፣ ማናዘዙንም አናዘዙ፤ ምን ያድርጉ፣ አገልግሎት ነው። ከልባቸው ግን አንድ ቃል አልወጣም።

በጥቅምት ደስታነሽ የምትባል የነፍስ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ካሰች ብቻ ናት። ካሰች ከብር ሸለቆ በርበሬ ለቀማ ውላ ስትመለስ ያው ወባ ጣላት። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወስደዋት ኪኒኑን ውጣለች፤ ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። ደስታነሽ ቤቷ መጥተው ጸሎት እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ መጀመሪያ ጉልበታቸውን አመካኙ፤ ቀጥለው የመንገዱን ጭቃ። ሴትዮዋ ንቅንቅ አልል ስትላቸው እውነቱን አፍረጠረጡት። የነፍስ አባት ለነፍስ ልጁ ሲናዘዝ ማን አይቶ ያውቃል!

«አልደብቅሽም፤ እኔ የምጸልየው በአፌ ነው። እምነቴ ከአልጣሽ ጋር ተቀብሯል። ለልጅሽ የሚያምን ቄስ ፈልጊላት፤ ቡሬም ቢሆን ሂጂ።»

ደስታነሽ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ እንዲህ አለቻቸው።

«ቡሬ የምሄድበት እግር የለኝም፣ ቄሴ። እርስዎ ቃሉን ይበሉልኝ፤ አሜኑን ለእኔ ይተዉት።»

እምቢ ማለትም ያደክማል፤ ሄዱ። በካሰች ራስጌ ቆመው በደረቀ ድምፃቸው ደገሙ። ደስታነሽ በየመሐሉ አሜን ስትል ግን ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ቄሱ አፈሩ። በማግስቱም ሄዱ፤ ከዚያም በየጠዋቱ። አንድ ቀን ካሰች ቀና ብላ አጥሚት ጠየቀች። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልባቸውን ደስ ብሎት አገኙት። ተስፋ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች ብለው ተናደዱ።

ትኩሳቱ ያገረሸው ወዲያው ነው። ካሰች ዓርብ ረፋድ ላይ አረፈች።

ፍትሐቱን እሳቸው ፈቱ። በሣልስቱ ለቀስተኛው ሲበተን ቄስ ወልደ ዮሐንስ ወደ ኋላ ቀሩ። ደስታነሽ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እንደ ወጉ መስቀላቸውን አንሥተው እግዚአብሔር የካሰችን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ እንዲያኖር፣ እናቷንም እንዲያጸናት ለመኑና አሜኗን ጠበቁ።

«አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ቄሴ።»

ማጽናኛው ሁሉ አልጣሽ የሞተች ጊዜ ለእሳቸውም ተብሏል፤ አንዱም ጠብ አላለላቸውም። ጥለዋት መሄድ አማራቸው፤ መሄጃ ግን ወዴት አለ? ያው ወና ቤት ነው። ቄስነታቸውን ረስተው አጠገቧ አፈር ላይ ተቀመጡ። ጸሎቱን እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ካሰችንም አልጣሽንም አለቀሱ፤ ልባቸው አብሯቸው እየለመነ ነበር።

«አፍሽ እስኪመለስልሽ ድረስ» አሏት፣ «አሜኑን ለእኔ ተይው።»

አሜንም አሉላት።